ውሃ የሚወቅጡ ሰዎች

ለንደን፣ ኬንሲንግተን ጋርደንስ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ አንድ ክብ ኩሬ አለ። ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ጀምሮ ልጁም ሽማግሌውም ትንንሽ መርከብ በብብቱ ይዞ የሚመጣበት ነው። እዚያም ሆነ በየአገሩ ባሉ መሰል ኩሬዎች ዳር፣ ሪሞት ይዘው ከሚቆሙት መካከል ፊቱ የማይፈታ አንድ ዓይነት ሰው አይጠፋም። ባለ መንኮራኩር ጀልባ የሠራው ነው። የሚያኮርፈው ጀልባው አልሄድ ብሎት አይደለም፤ ይሄዳል። የሚያኮርፈው አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆም ብሎ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ያችኑ ጥያቄ ስለሚጠይቀው ነው።

«ፕሮፔለር ቢሆን አይፈጥንም ነበር?»

ይፈጥን ነበር። ከጠያቂው ይበልጥ እሱ ያውቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ኮምፔንሳቶ ሲቆርጥ፣ ነሐስ ሲበይድ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ የከረመው ይህንኑ እያወቀ ነው። ግን ምን ብሎ ያስረዳ? «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» የሚለው ተረት የወጣው በከንቱ ደካሞች ለመሳለቅ ነው። ይህ ሰው ደግሞ ሥራዬ ብሎ፣ ገንዘብ አውጥቶ፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ የሚወቅጥ ማሽን ሠርቷል።

በመርከቡ ግራና ቀኝ፣ ወይም እንደ ሚሲሲፒ ወንዝ ጀልባዎች ከኋላው፣ የውሃ ወፍጮ መዘውር የመሰለ ነገር ይገጠምለታል። ዙሪያውን የተደረደሩት ሳንቃዎች ተራ በተራ ውሃ ውስጥ እየገቡ ይቀዝፋሉ። ነገሩ ይኸው ነው። በዘመኑ ግን ቀልድ አልነበረም። ሮበርት ፉልተን እ.ኤ.አ. በ1807 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ኦልባኒ ድረስ በሃድሰን ወንዝ ላይ 240 ኪሎ ሜትር ያህል በ32 ሰዓት የተጓዘው በመንኮራኩር ነው። ከመነሳቱ በፊት «የፉልተን ጅልነት» ይሉት የነበሩ ሰዎች፣ ሲመለስ ቲኬት ለመቁረጥ ተሰለፉ ቢባል የሚያስደንቅ አይሆንም።

ውርደቱ የመጣው በ1845 ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ራትለር የተባለች ባለ ፕሮፔለር መርከብንና አሌክቶ የተባለች ባለ መንኮራኩር መርከብን ጀርባ ለጀርባ በገመድ አስሮ ጉተታ ገጠማቸው። ራትለር አሌክቶን የኋሊት እየጎተተች ወሰደቻት። የመንኮራኩር ወዳጆች እስከ ዛሬ ድረስ ይግባኝ እንዳሉ ናቸው። የራትለር ሞተር ጉልበቱ ይበልጥ ነበር ይላሉ። ባሕር ኃይሉም ፕሮፔለርን የመረጠው አስቀድሞ ነው፤ ጉተታው ለሕዝብ የተደረገ ትርኢት ነበር ይላሉ። በሁለቱም ላይ ሐሰት አልተናገሩም። አሌክቶ ግን የኋሊት መሄዷ አልቀረም።

አንዳንዱ ሠሪ እንግዲህ በዚህ ተስፋ ይቆርጣል። ሌሊት፣ ሰው ሳያይ፣ ከጀልባው ሆድ ሥር ትንሽ ፕሮፔለር ይደብቃል። መንኮራኩሩ ለይምሰል ይሽከረከራል፣ ሥራውን ፕሮፔለሩ ይሠራል። እንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ኩሬው ላይ ሲወጣ ያለ ቅጥ ይፈጥናል፤ ባለቤቱም ያለ ቅጥ ይደሰታል። የሚያጋልጠው አንድ ቀን ሽቦ አዛንፎ ሲያስር ነው። ጀልባው ወደ ፊት እየሄደ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ኩሬው ዳር ያሉት ጓደኞቹ ይህን አይተው ምንም አይሉም፤ ዝም ብለው ፔርሙሳቸውን ከፍተው ሻይ ይቀዳሉ። ከስድብ ይከፋል።

ለነገሩ ይህን የሚያደርጉት ትንንሾቹ ብቻ አይደሉም። ቱሪስት ከሚያዝናኑ ትልልቅ የወንዝ ጀልባዎች መካከልም መንኮራኩሩ ጌጥ፣ ፕሮፔለሩ ሠራተኛ የሆነባቸው አሉ። ካሊፎርኒያ በሚገኘው ዲዝኒላንድ በ1955 ሥራ የጀመረችው ማርክ ትዌን የተባለችው ጀልባ ደግሞ ተገላቢጦሽ ናት። እንፋሎቷ እውነተኛ ነው፣ የኋላ መንኮራኩሯም በእውነት ይቀዝፋል፤ ነገር ግን ውሃው ውስጥ የተቀበረ ሐዲድ ይመራታል። ኮፍያ ደፍቶ መሪውን የያዘው ካፒቴን የትም ሊያዞራት አይችልም። ኬንሲንግተን ኩሬ ዳር ያኮረፈው ሰውዬ ቢያንስ ጀልባውን ወደ ዳክዬዎቹ መንዳት ይችላል።

በሬዲዮ የሚታዘዝ ነገር ሁሉ፣ ድሮኑም ጭምር፣ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ጀልባ ላይ ይደርሳል። ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ውስጥ ገንዳ አስቀምጦ፣ ከአንድ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ እያዘዘ ለሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፈጠራ መብቱን አገኘ። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ ራሱ ገና ጥሬ ነበርና ተመልካቹ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አስማት ነው ያለ ነበረ፤ ውስጡ የሠለጠነ ጦጣ ተቀምጦ ነው የሚነዳት ያለም እንደነበረ ይነገራል። ያቺ ጀልባ ባለ ፕሮፔለር ነበረች። የመንኮራኩር ወዳጆች ይህን ዝርዝር ሲያወሩ ዘለል ያደርጉታል።

ከቴስላ በኋላ ሬዲዮው ለብዙ ዘመን የጠብ ምንጭ ሆኖ ኖረ። የመዝናኛ ጀልባዎች የሚጠቀሙበት 27 ሜጋኸርዝ ጠባብ ቤት ነበር፤ ስድስት ቀለም ተሰጥቶት ቡናማ፣ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ተብሎ ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ሰው የቀለሙን ባንዲራ ከአንቴናው ጫፍ ላይ ያስራል። ሁለት ቢጫዎች አንድ ላይ ከተከፈቱ አንዱ የሌላውን መርከብ መንዳት ይጀምራል፤ ሁለቱም ግን የራሳቸውን መንዳት አይችሉም። ስለዚህ የሞዴል ጀልባ ክለቦች ሰሌዳ ሰቅለው፣ የልብስ መቆንጠጫ ሰክተው፣ ቢጫን የያዘ ሳይመልስ ሌላው እንዳይነካ ሕግ አወጡ። መቆንጠጫውን ኪሱ ውስጥ ረስቶ ምሳ ሊበላ ቤቱ የሄደ ሰው ስሙ ሲነሳ ይኖራል።

ከዚያ 2.4 ጊጋኸርዝ መጣ። ሪሞቱና ሪሲቨሩ አንድ ጊዜ ከተዋወቁ ሌላ አይሰሙም፤ ሰሌዳውም መቆንጠጫውም ቀረ። አዲሱ ሞገድ ውሃ ውስጥ አይዘልቅምና አንቴናውን ከውሃው መስመር ከፍ አድርጎ ማኖር ብቻ ይበቃል። ክለቡ ሰላም ሆነ። ሰላም ሲበዛ ደግሞ የሚጣሉበት ነገር መፈለግ ግድ ነው፤ እሱም ሩቅ ሳይሄዱ ተገኘ። መንኮራኩሩ ውሃ ውስጥ ምን ያህል ይግባ?

ይህ ጥያቄ ቀላል የሚመስለው ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ነው። መንኮራኩሩ ከፍ ካለ ሳንቃዎቹ የውሃውን ፊት በጥፊ ይመታሉ፤ ጩኸትና አረፋ ነው፣ ጉዞ የለም። ዝቅ ካለ ደግሞ የሚገባው ሳንቃ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል፣ የሚወጣው ውሃውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ጀልባው እዚያው ይንቀጠቀጣል። ልምድ ያላቸው የሚስማሙበት፣ ከታች ያለው ሳንቃ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ የላይኛው ጠርዙ በጭንቅ ሲሸፈን ጥሩ ነው የሚለው ነው። በጭንቅ ማለት ስንት ሚሊሜትር ነው ሲባል ስምምነቱ ያበቃል።

እውነተኞቹ መርከቦችም ከዚሁ ጣጣ አላመለጡም። ግሬት ዌስተርን በ1838 ከብሪስቶል ተነሥታ በ15 ቀን ኒው ዮርክ ስትገባ ዓለም አጨበጨበ። ግን አትላንቲክን በመንኮራኩር መሻገር ማለት ስትነሳ በድንጋይ ከሰል ተሞልተህ መንኮራኩሩ ከመጠን በላይ ይጠልቃል፣ ስትደርስ ከሰሉን ጨርሰህ ቀለል ስትል መንኮራኩሩ አየር ይቀዝፋል ማለት ነው። ማዕበል ሲያንገዳግዳት አንዱ መንኮራኩር ይሰጥማል፣ ሌላው ከውሃ ይወጣል። ልክ የሚሆነው መንገድ መሃል ላይ፣ ባሕሩ ሲተኛ ነው። የኩሬው ካፒቴን በዚህ በኩል ታድሏል። ባትሪ ሲያልቅ ክብደቱ አይቀንስም።

ከመንኮራኩር በፊት ግን ቀፎው ነው። ሠሪው ፕላን ይገዛል፤ ወይም ለመደርደሪያ ጌጥ የተዘጋጀ፣ እንደ ስፔኖቹ «ኪንግ ኦፍ ዘ ሚሲሲፒ» ያለ፣ ሳጥን ሙሉ እንጨት ይገዛና አንሳፍፈዋለሁ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ሒሳብ ይመጣል። አንድ ሺህ ቶን ውሃ የሚገፋ መርከብ በ1፡50 ሲቀነስ 8 ኪሎ ይሆናል፤ ርዝመቱ በሃምሳ ሲካፈል ክብደቱ በ125 ሺህ ይካፈላልና። በዚያች 8 ኪሎ ውስጥ ቀፎው፣ ባትሪው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ሦስት ፎቅ ሰገነቱ፣ ሁለት ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች፣ መኝታ ክፍሎቹ፣ ሚስቱ «ለምን መጋረጃ አታደርግላቸውም?» ካለች መጋረጃዎቹም መግባት አለባቸው።

ውሃውም አብሮ አይቀነስም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቶርኪ ከተማ ገንዳ አሠርቶ ሞዴል መርከብ እየጎተተ እንዳሳየው፣ በ1፡50 የተቀነሰ ጀልባ ከትልቁ ጋር ተመሳሳይ ሞገድ እንዲያነሳ ፍጥነቱ በሃምሳ ሳይሆን በሰባት ግድም መካፈል አለበት። ትልቁ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሄደ ትንሹ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በእግር የሚንሸራሸር ሰው ይቀድመዋል። መንኮራኩሩ ግን በተቃራኒው ከትልቁ ሰባት እጥፍ ያህል ፈጥኖ መዞር ይኖርበታል። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ዓይን እምቢ ይላል። ግርማ ያለው የሚሲሲፒ ጀልባ መንኮራኩሩን እንደ እብድ ሲያሽከረክር ማን ማየት ይወዳል? ስለዚህ አብዛኛው ሠሪ ፍሩድን አክብሮ ያስቀምጠውና ሞተሩን ቀስ ያሰኘዋል። ለዚህ የሚሆነው ደግሞ ጉልበት እንጂ ፍጥነት የሌለው ሞተር ነው። ትልቅ ጀልባ የሚሠሩት ከአሮጌ መኪና የተነቀለ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ይገጥማሉ። ያ ሞተር ዝናብ ሲጠርግ ኖሮ በጡረታው ኩሬ መቅዘፉ ዕድገት ይሁን ዝቅጠት የሚፈርድ የለም።

እልኸኛ የሆነው ሠሪ እዚህ አይቆምም። ሳንቃዎቹ ውሃውን በጥፊ እንዳይመቱ፣ ሲገቡም ሲወጡም ቀጥ ብለው እንዲቆሙ የሚያደርግ ስልት አለ። ኤላይጃ ጋሎዌይ በ1829 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ከመንኮራኩሩ መሃል ፈንጠር ያለ ሌላ እምብርት ይደረግና ከእሱ ወደ እያንዳንዱ ሳንቃ ዘንግ ይዘረጋል፤ መንኮራኩሩ ሲዞር ዘንጎቹ ሳንቃዎቹን ያገላብጣሉ። ስምንት ስምንት ሳንቃ ላላቸው ሁለት መንኮራኩሮች ይህ አሥራ ስድስት ማጠፊያ ነው፤ እያንዳንዱም ከክብሪት እንጨት የቀጠነ ነሐስ፣ ሞርሳ ላይ ታስሮ የሚበሳ፣ ትንሽ ከላላ የሚንጫጫ፣ ትንሽ ከጠበቀ የሚነክስ። ይህን የጨረሰ ሰው ኩሬው ዳር ሲመጣ ጀልባውን ወዲያው ውሃ ውስጥ አይጨምርም። መጀመሪያ አየር ላይ ይዞ መንኮራኩሩን በጣቱ እያዞረ ይቆያል፤ ሌሎቹ እስኪያዩለት።

የመጀመሪያው ጉዞ ግን የሚካሄደው ኩሬ ላይ አይደለም፣ መታጠቢያ ቤት ነው።

«ገንዳው ለምን ተሞላ? ልታጠብ ነበርኮ።»

«ሚሲሲፒ ነው። አንድ አፍታ ታገሺኝ።»

አንድ አፍታ አይሆንም። ሚሲሲፒ ላይ ያምር የነበረው ሦስት ፎቅ እዚህ ገንዳው ውስጥ ጠላት ነው፤ ክብደቱ ከላይ ነውና ጀልባው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ያስባል፣ ይገለበጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መድኃኒቱ ከላይ ማቅለል ነው፤ ሰገነቱ በባልሳ፣ የጭስ ማውጫው በወረቀት ቱቦ። ከታች ደግሞ እርሳስ። ማቅለሉን በተመለከተ ታሪክ ደህና ምስክር አላት። በ1870 ሮበርት ኢ. ሊ እና ናቼዝ የተባሉት ሁለት ጀልባዎች ከኒው ኦርሊንስ እስከ ሴንት ሉዊስ ሲሽቀዳደሙ፣ የሊ ካፒቴን ጭነትና ተራ መንገደኛ አልቀበልም ብሎ፣ የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ አስነቅሎ፣ መንገድ ላይ ሳይቆም ከጎኑ ከተጠጋ ጀልባ ነዳጅ እየወሰደ በ3 ቀን ከ18 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ደረሰ። ናቼዝ እንደ ወትሮዋ ጭነቷን ይዛ፣ መንገደኛዋን እያወረደችና እየጫነች መጣች። አሸናፊው ማን ነበር የሚለው ክርክር ከሚሲሲፒ ተነሥቶ ክለቦቹ ድረስ መጥቷል።

መሪው ሌላ ፈተና ነው። ፕሮፔለር ውሃውን በቀጥታ መሪው ላይ ይተፋዋል፤ ጀልባው ገና ሳይፈጥን ይታዘዛል። በጎን ያሉት መንኮራኩሮች ግን የሚገፉት ውሃ መሪውን ዘወር ብሎም አያየው። ጀልባው ቀስ ሲል መሪውን ብታዞረው ዝም ይላል፤ ዳክዬዎቹ ግን ዝም አይሉም። ብልሆቹ ሁለት ሞተር ያደርጉና አንዱን መንኮራኩር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙረው ጀልባውን በቆመበት ያሽከረክሩታል። አክራሪዎቹ ይህን ይጸየፋሉ። የምትሠራው ዌቨርሊ የተባለችውን መርከብ ከሆነ፣ የዌቨርሊ ሁለት መንኮራኩሮች በአንድ ዘንግ ላይ የታሰሩ ናቸውና አንተም እሰራቸው ይላሉ፤ ተሠቃይ ማለት ነው።

ዌቨርሊ ለእነዚህ ሰዎች እንደ እናት ናት። የቀድሞዋ ዌቨርሊ በ1940 ደንከርክ ላይ ከሰጠመች በኋላ በ1946 ግላስጎው ላይ ውሃ የነካች፣ በእንፋሎት መንኮራኩር ባሕር ላይ መንገደኛ የምታመላልስ የመጨረሻዋ መርከብ ናት። በ1974 ለመንኮራኩር መርከብ ወዳጆች ማኅበር የተሸጠችው በአንድ ፓውንድ ነበር። 73 ሜትር መርከብ፣ ከነሞተሯ። ዛሬ ሞዴሏን የሚሠራ ሰው አንድ ፓውንዱን የሚጨርሰው ገና የመጀመሪያውን ብሎን ሳያጠብቅ ነው።

እስካሁን የተወራው የፈረንጅ እብደት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ወደ ጣና እንሻገር።

እ.ኤ.አ. በ1866 ዘጌ አካባቢ ከነበሩት የአፄ ቴዎድሮስ እስረኞች አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር። ከእስር ተፈትቶ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ስላሠሩት ጀልባ ያወሳል። ከደንገል የተሠራ፣ ሰፊ፣ ወፍራም፣ ሆዱ ዝርግ ጀልባ፤ በጎኖቹም በእጅ የሚዞሩ ሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች። ብላንክ፣ ንጉሡ ባለ መንኮራኩር መርከብ ፈጠሩ፣ የጎደላቸው የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ብቻ ነው ብሎ ያሾፋል። እስረኛ ነበርና ለአሳሪው የሚሆን የደግነት ቃል አይጠበቅበትም። በሰው ጉልበት መንኮራኩር ማዞር ግን ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም፤ የቻይና ሶንግ ነገሥታት ወታደሮች በ1161 ጻይሺ ላይ የተዋጉት በእግር በሚረገጥ መንኮራኩር በሚሄዱ መርከቦች ነው።

የኩሬ ዳር ሰዎችን የሚነሽጣቸው የብላንክ ቀጣይ ወሬ ነው። መንኮራኩሮቹ የተገጠሙት ከፍ ተደርገው ነበር፤ ውሃውን እንዲነኩ ጀልባው ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ዝቅ እንዲል ደግሞ መቶ ሰው ያህል መሳፈር ነበረበት ይላል። ለእስረኛው ይህ ቀልድ ነው። አንድ ቀን ገንዳው ዳር ተንበርክኮ እርሳስ ሲጨምርና ሲቀንስ የዋለ ሰው ግን አይስቅም። ንጉሠ ነገሥቱ ያገኙት መፍትሔ እሱ ካገኘው ጋር አንድ ነው። ጣና ላይ እርሳስ በሌለበት፣ ሰው ግን በሞላበት፣ ሌላ ምን ይደረግ? በዚያ ላይ መቶው ሰው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከመካከላቸው ዘንጉን የሚያዞር አይታጣም። ባትሪና ማጥለቂያ በአንድ ዕቃ ማለት ነው፤ የሞዴል ሠሪዎችም ከባድ የእርሳስ ባትሪ ሲገዙ ያሰቡት ይህንኑ ነው።

ያቺን ጀልባ በ1፡50 ልሥራ የሚል ቢመጣ ሒሳቡ ቸር ነው። አንድ ሰው 60 ኪሎ ይመዝናል ቢባል፣ መቶው ሰው 6 ሺህ ኪሎ፤ በ125 ሺህ ሲካፈል 48 ግራም። ለቀፎው ደንገል ባሕር ዳር አለ። ያን ጊዜ የጠፋው ሞተር ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሆኖ በየሱቁ ይሸጣል። እርሳሷን ከሆዷ ሥር ለጥፎ መገላገል ይቻላል፤ አክራሪዎቹ ግን ይህን አይቀበሉም፤ መቶው ሰው ከነጋቢው፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ግራም የማይሞላ ሆኖ መቀረጽ አለበት ይላሉ። ለዚያ ደግሞ አንድ ክረምት አይበቃም።